ስለ ምድር ቤት እርጥበትና ስለ ማድረቂያው መኪና

በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በንብረት ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር



ዋግ ስለ ዝናብ ማነስ እንጂ ስለ እርጥበት መብዛት ንግግር የሚደረግበት አገር አይደለም። ከመካከላችን ዕድሜ የሰጣቸው የ1966ቱንና የ1977ቱን ድርቅ በዓይናቸው አይተዋል፤ ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ ለሰቆጣ ሰው አይነገረውም። ስለዚህ ኮሚቴው ዛሬ ስለ ውሃ መብዛት ሊናገር ሲነሣ «ደግሞ ይኼ ከየት መጣ?» የሚል ሰው ቢኖር አንቀየመውም። ነገሩ ግን የሰማዩ ሳይሆን የምድር ቤታችን ነው። አገራችን የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን በሐምሌና በነሐሴ ባንድ ጊዜ ይቀበላል። ያም ውሃ በተዳፋቱ ላይ ሲወርድ መሄጃ ካላገኘ በመጀመሪያ የሚያገኘው ወደ ኮረብታው ተቆፍሮ የተሠራውን የድንጋይ ግድግዳ ነው። የእድራችን ዕቃ ቤትም እንዲህ ያለ ምድር ቤት ነው፤ በስተጀርባው ያለው ግድግዳ እስከ ሰው ትከሻ ድረስ አፈር ውስጥ ነው።

ባለፈው ክረምት፣ ሻደይ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በአንድ አባላችን ለቅሶ ላይ ትልቁ ድንኳን ሲዘረጋ የሆነውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ሸራው ሲገለጥ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቷል፤ ጠረኑ ሰው ያርቃል፤ ገመዱ ሲወጠር ደግሞ በጀርባው በኩል ያለው ስፌት ተተረተረ። ዝናቡም አላዘነልንም። ሐዘንተኞቹ ከነነጠላቸው ረጠቡ፤ ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን እየያዙ ወደ ጎረቤት ቤት ገቡ። እድር በዚያች ሰዓት ሰውን ከዝናብ ካላስጠለለ መቼ ሊያስጠልል ነው? ይህን የምናነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ሸራ በእርጥብ ክፍል ውስጥ ተጣጥፎ ሁለት ወር ሲቀመጥ ማንም ቢጠብቀው ይኸው ነው የሚሆነው።

በመስከረም ዕቃውን ሁሉ አስወጥተን ስንቆጥር ከታች የነበሩት ምንጣፎች ሻግተዋል፤ የድንኳኑ የብረት ቋሚዎች ዝገዋል፤ የድሮ የመዋጮ መዝገቦች ቅጠላቸው ተጣብቆ አልገለጥ ብሏል። የቀብሩ ቃሬዛ፣ ሳህኑና ብርጭቆው ደኅና ናቸው፤ ሳህን አይሻግትም። እንግዲህ አንድ ድንኳን ማሠራት ዛሬ ስንት እንደሚፈጅ ገንዘብ ያዡ በሪፖርታቸው ነግረዋችኋል፤ እኛ አንደግመውም።

ይህ ወሬ ባሕር ተሻግሮ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የአንድ አባላችን ልጅ ጆሮ ደረሰ። ልጁም በስልክ፣ «እኛ እዚህ ምድር ቤት ስንከራይ መጀመሪያ የምንገዛው እርጥበት መምጠጫ መኪና ነው፤ ለእድሩ አንድ ልላክ» አለን። እግዚአብሔር ያክብረው፤ አገሩን ያልረሳ ልጅ ነው። ኮሚቴው ግን ወዲያው «እሺ፣ ላክ» ለማለት ከመቸኮሉ በፊት ነገሩን መርምሮ ለጉባኤው ሊያቀርብ ወሰነ። ምክንያቱም መኪናው ከመጣ በኋላ መብራት የሚከፍለው እድሩ ነው፤ ሲበላሽም የሚያሠራው እድሩ ነው።

መጀመሪያ መኪናው ምን እንደሚሠራ እናስረዳ። በውጭ አገር ዲሁሚዲፋየር ይሉታል። ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ላቡ እንደሚወርድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያ ላብ ከጠርሙሱ ውስጥ የወጣ አይደለም፤ በአየሩ ውስጥ ያለው የማይታይ ውሃ ቀዝቃዛውን ጠርሙስ ሲነካ ጠል ሆኖ ነው። መኪናው የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። በውስጡ እንደ ፍሪጅ የሚቀዘቅዝ ቧንቧ አለው፤ ማራገቢያው የክፍሉን አየር እየሳበ በቧንቧው ላይ ያሳልፈዋል፤ ውሃው ቧንቧው ላይ ያልብና ከታች ባለው ባልዲ ይንጠባጠባል፤ የደረቀው አየር ደግሞ ትንሽ ሞቆ ተመልሶ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ባልዲው ሲሞላ ሰው ይደፋዋል፤ ወይም በጎማ ወደ ውጭ ይፈስሳል። የሚወጣው ውሃ ንጹሕ ቢመስልም የአየሩን አቧራ አጥቦ የወረደ ስለሆነ የሚጠጣ አይደለም። በጠቅላላው ብልህ መኪና ነው፤ አስማት ግን የለውም።

ለዋሽንግተን ሰዎች ለምን እንደሚያስፈልግ ደግሞ እንይ። የዋሽንግተን፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ በጋ ወበቃም ነው፤ በሐምሌ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ያልፋል፤ አየሩም ውሃ ያዘለ ነው። ሞቃት አየር ብዙ ውሃ የመሸከም ጠባይ አለው። በ30 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 30 ግራም ውሃ ይሸከማል፤ በ18 ዲግሪ ግን ከ15 ግራም ብዙም አያልፍም። እንግዲህ ያ ሞቃት አየር መስኮት ተከፍቶለት ወደ ቀዝቃዛው ምድር ቤት ሲገባ መሸከም ያቃተውን ውሃ ግድግዳው ላይ ያራግፋል፤ ግድግዳው ልክ እንደ ለስላሳው ጠርሙስ ያልበዋል። እነሱ ዘንድ ውሃው የሚገባው ባብዛኛው ከአየሩ ጋር ስለሆነ አየሩን የሚያደርቅ መኪና ይስማማቸዋል። ቤቶቻቸውም አሸንዳና የውሃ መውረጃ ያላቸው ናቸው፤ በእነዚህ ካልተበጁ ግን እዚያም ቢሆን መኪናው ውሃ ሲቀዳ ይኖራል እንጂ ቤቱን አያደርቅም።

የእኛስ? እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ሒሳብ የሚጠላ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን። የዕቃ ቤታችን ክፍል 5 ሜትር በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል ነው፤ 50 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል ማለት ነው። በ18 ዲግሪ አየሩ እስኪበቃው ውሃ ቢጠጣ በክፍሉ አየር ውስጥ ያለው ውሃ ጠቅላላው 770 ግራም ያህል ነው። አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም! አሁን ወደ ጣሪያው ውጡ። ቆርቆሮው 60 ሜትር ካሬ ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ አንድ ሊትር ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ የሚወርድ አንድ የ30 ሚሊሜትር ዶፍ ከጣሪያችን 1,800 ሊትር ያፈስሳል። ይህም በባለ 200 ሊትሩ በርሜል ዘጠኝ በርሜል ነው። አሸንዳ ስለሌለን ዘጠኙም በርሜል የሚደፋው በግድግዳው ሥር ነው። ከኮረብታው የሚመጣውን ጎርፍ ገና አልቆጠርንም።

እንግዲህ መኪና አምጥተን ከአየሩ ውስጥ አንድ ሊትር እያወጣን፣ ግድግዳው ከዘጠኝ በርሜል እየጠጣ የሚያወጣውን ስንቀዳ ልንኖር ነው። የሚፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ አስቀምጦ ባልዲ መድፋትን ሥራ አድርጎ የያዘ ሰው ብልህ ይባላል? የኮሚቴው አሳብ፣ የውሃው መግቢያ ሳይታወቅ ለመኪና አንድ ብር አይውጣ የሚል ነው።

የውሃውን መግቢያ ለማወቅ መሐንዲስ አያስፈልግም፤ አንድ ፌስታል ይበቃል። ክንድ ያህል ስፋት ያለው ያልተቀደደ ፌስታል ወይም የላስቲክ ቁራጭ ግድግዳው ላይ ለጥፎ አራቱን ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር መያዝ ነው። ድንጋዩ ፕላስተር አልይዝ ካለ በቀጭን ጣውላ ጠርዙን መቸንከር ይቻላል። ከአንድ ቀን እስከ ሁለት ቀን ቆይቶ ይታያል። ጠሉ በላስቲኩ ፊት፣ ማለትም በክፍሉ በኩል ከታየ፣ እርጥበቱ የአየሩ ነው። ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳውና በላስቲኩ መካከል ከታየ፣ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ እየወጣ ነው። በመስከረም መጀመሪያ፣ ምድሩ ገና ሳይደርቅ፣ ይህንኑ በዕቃ ቤታችን በአራቱም ግድግዳ ሞክረናል። በፊት ለፊቱና በሁለቱ ጎኖች ደረቅ ነበረ፤ ወደ ኮረብታው ባለው የጀርባ ግድግዳ ግን ላስቲኩ ከበስተጀርባው ውሃ አቁሯል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሌባው በየት በኩል እንደሚገባ ተይዟል።

አባቶቻችን ይህን ነገር ያውቁት ነበር። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ሕንፃውን ብቻ አይመልከት፤ ዙሪያውን የተፈለፈለውን ቦይና መውረጃም ይመልከት። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ አለት ውሃ ማጠራቀሚያ እንዳይሆን ውሃው ተንሸራትቶ እንዲወጣ መንገዱ አብሮ ተፈልፍሏል። በዘመናት ብዛት ጣሪያው ሲሰነጠቅና ዝናቡ ሲያስቸግር፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአንዳንዶቹ ላይ ትልልቅ መጠለያ ተተከለ። መጠለያው ለዓይን አያምርም የሚሉ አሉ፤ ለአለቱም ክብደቱ ያሰጋል የሚሉ አሉ፤ በዚያ ክርክር ውስጥ አንገባም። ለእኛ ትምህርቱ፣ ያን የመሰለ ሕንፃ ለማዳን በመጀመሪያ የታሰበው ውሃውን ከላይ መከልከል መሆኑ ነው። ሩቅ ሄድን እንጂ እዚሁ አጠገባችን ያለውን ከአለት የተፈለፈለውን ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስንም ለመሳለም ስትሄዱ እግረ መንገዳችሁን ውሃው በየት እንደሚወርድ ልብ ብላችሁ እዩ።

ስለዚህ ለእኛ የሚቀድመው ሥራ የዶማና የአካፋ ሥራ ነው። ከጀርባው ግድግዳ አንድ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ፣ በኮረብታው በኩል ቦይ መቆፈርና ጎርፉን በሁለቱም ጎን ወደ ታች ማሳለፍ። ቦዩ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አይቆፈር፤ መሠረቱን ይነካል፤ ውሃውንም ያቀርበዋል። በቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲያዘነብል መሙላት፤ በየሜትሩ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ እያለ ቢሄድ ይበቃል። ለቆርቆሮው አሸንዳ መሥራት፣ የአሸንዳውንም ጫፍ በርሜል ላይ ማሳረፍ። በዋግ አገር ከጣሪያ የወረደ ዘጠኝ በርሜል ውሃ ግድግዳ ማበላሸቱ ራሱ ነውር ነው፤ ለልብስ አጠባ፣ ለጭቃ ሥራ፣ ለችግኝ ይሆን ነበር።

አንዳንድ አባሎች «ግድግዳውን ከውስጥ በሲሚንቶ ብንለስነውስ?» ብለው ጠይቀውናል። አሳቡ ቅን ነው፤ ነገር ግን በጭቃ የተካበ ድንጋይ ሲሚንቶ አይስማማውም። ውሃው በጀርባ መግባቱን አያቆምም፤ ልስኑ መውጫውን ብቻ ይዘጋበታል። መውጫ ያጣው ውሃ በካቡ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጭቃውን ያላላዋል፤ ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ልስኑ እየተነፋ ይረግፋል፤ ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄትም ያወጣል። በከተማችን በቅርብ ጊዜ ከተለሰኑት ቤቶች ውስጥ ይህን ያላየ ካለ ዞር ዞር ብሎ ይመልከት። ለእንዲህ ያለ ግድግዳ የሚስማማው ውሃውን እያስተነፈሰ የሚያወጣ ምርጊት ወይም የኖራ ቅብ ነው።

ሁለተኛው የውሃ መግቢያ ደግሞ በር ነው፤ የሚያስገባውም እኛው ነን። በሐምሌ ለቅሶ ተቀምጦ ድንኳኑ ሲነሣ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ለመሄድ ስለሚቸኩል እርጥቡ ሸራ እንደ እርጥብ ተጣጥፎ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል። ደረቁን ሁለት ወጣት የሚያነሣው ድንኳን ሲረጥብ አራት ሰው ይፈልጋል፤ የዚያ የክብደቱ ብልጫ ውሃ ነው። አሥር ሊትር ቢሆን ብቻ እንኳ በክፍሉ አየር ውስጥ ካለው ውሃ ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። እናቶች እንጀራ ሳይበርድ መሶብ ውስጥ ቢዘጋበት በስንት ቀን እንደሚሻግት ያውቃሉ፤ ሸራም ከዚያ የተለየ ጠባይ የለውም። የጥጥ ክር ለሻጋታ ምግቡ ነው፤ ውሃ ካገኘ ይበላዋል፤ ስፌቱ የተተረተረውም ክሩ ተበልቶ ስላለቀ ነው።

ስለዚህ ድንኳን ከለቅሶ ሲመለስ ዝናብ በማያገኘው በረንዳ ላይ በገመድ ተሰቅሎ፣ ስፌቱና ጠርዙ ጭምር በእጅ ተነክቶ ደረቅ መሆኑ ሳይረጋገጥ ወደ ክፍሉ አይግባ። ስፌቱ ከሁሉ በኋላ ነው የሚደርቀው። ዝናቡ ፋታ ነሥቶ ሳይደርቅ ሁለትና ሦስት ቀን ቢቆይ እንኳ ተሰቅሎ ይቆይ እንጂ አይታጠፍ። ለዚህ ተራ ይወጣል፤ ተራው የደረሰው ሰው «ለቅሶው እኮ አለቀ» ብሎ እንዳይቀር አደራ እንላለን። ዕቃውም መሬት ላይ አይቀመጥ፤ የእንጨት ርብራብ ይሠራለት፤ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ አየር ይዙረው።

በሩና መስኮቱ መቼ ይከፈት የሚለው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጉዳይ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ጭንቅ የለም፤ የአገራችን አየር ደረቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢከፈት ይጠቅማል፤ ከጥቅምት ነፋስ የበለጠ ማድረቂያ መኪና ገና አልተሠራም። በክረምት ግን ሰው የሚከፍተው ፀሐይ ወጣ ሲል በእኩለ ቀን ነው፤ ይህ የተገላቢጦሽ ነው። በእኩለ ቀን የውጭው አየር ሞቅ ብሎ ከምድሩ የሚተነውን ውሃ ተሸክሟል፤ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ሲገባ ያራግፈዋል። ማለዳ ላይ ግን የውጭው አየር ከክፍሉ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው ውሃ ጥቂት ስለሆነ ወደ ክፍሉ ገብቶ ትንሽ ሲሞቅ ውሃ ይጠማዋል፤ የክፍሉን እርጥበት እየጠጣ ይወጣል። በክረምት ምድር ቤት የሚከፈተው እንግዲህ ዝናብና ጉም በሌለበት ማለዳ ነው፤ ፀሐይ ጠንከር ስትል ይዘጋል። ይህ ለእድሩ ብቻ ሳይሆን ለየቤታችሁም ነው። በቆላው በአበርገሌና በዝቋላ ላሉት ዘመዶቻችን ይህ ንግግር ብዙም አያስፈልጋቸው ይሆናል፤ በጋዝጊብላና በዳህና ደጋ ላሉት ግን ከእኛም ይልቅ ይመለከታቸዋል።

መብራት የማይፈልግ ማድረቂያም አለ፤ እርሱም ውሃ ያልነካው ኖራ ነው። ይህ ኖራ ከአየሩ ውስጥ ውሃ ይጠጣል፤ አሥር ኪሎ ኖራ እስኪጠግብ ድረስ ሦስት ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ሲጠጣ ስለሚያብጥ ጣሳው እስከ ግማሽ ብቻ ይሞላ፤ ጣሳውም ጡብ ላይ ይቀመጥ፤ ዝናብ አይንካው፤ በብዛት ውሃ ከነካው በኃይል ይግላል፤ እሳት እስከ ማስነሣት ይደርሳል። ልጆች አይድረሱበት፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል። በሩ ተዘግቶ በሚቆይባቸው የሐምሌ ቀናት ጥሩ ረዳት ነው። ጠግቦ ዱቄት ሲሆንም አይጣልም፤ በውሃ ተበጥብጦ ግድግዳው ይቀባበታል፤ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ሻጋታን ይከላከላል። ምንም የማይባክንበት ዕቃ ነው።

ከሰል ግን አይሆንም! ክፍል ለማድረቅ ብለው በተዘጋ ቤት ከሰል የሚያነዱ አሉ። የከሰል ጭስ ሳይታይና ሳይሸት ይገድላል፤ ለዕቃ ማድረቂያ ብለን የጡሩንባ ነፊያችንን ሥራ አናብዛበት።

አሁን ደግሞ ስለ እህል ጥቂት እንበል፤ ምድር ቤት ያላችሁ አባሎች ማሽላውንም ጤፉንም እዚያው ነው የምታስቀምጡት። ድንኳን ቢሻግት ገንዘብ ይጠፋል፤ እህል ቢሻግት ግን የሚጎዳው ሰው ነው። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ጉበት ይጎዳል፤ የጉበት ነቀርሳም ያመጣል፤ እህሉ ቢፈጭ፣ ቢጋገር፣ ቢቀቀል መርዙ ተሟጦ አይጠፋም። የልጆችን እድገት እንደሚያቀጭጭ የሚያመለክቱ ጥናቶችም አሉ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የልጆችን መቀንጨር ለማጥፋት ያወጣው ቃል ኪዳን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በከተማችን ስም ሲጠራ ሰምተናል፤ እንግዲህ በገዛ ጓዳችን የሻገተ ማሽላ ለልጅ ገንፎ እንዳናደርግ መጠንቀቅ የእኛ ድርሻ ነው። «ያሳዝናል፣ እህል አይጣልም» ማለት እናውቃለን፤ በዋግ ያደገ ሰው እህል ሲጥል እጁ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ነው ሳይሻግት አስቀድሞ ማድረቅ የሚገባው።

እህሉ ደረቅ መሆኑን ለማወቅ ጥርስ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ከዚያም የተሻለ ደግሞ ጨውና ጠርሙስ አለ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህል እህል ጨምሮ፣ በፀሐይ የደረቀ ደቃቅ ጨው ሁለት ሦስት ማንኪያ ጣል አድርጎ፣ ከድኖ አንድ ደቂቃ መነቅነቅ ነው። ከዚያም ጥቂት አሳርፎ ማየት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ውሃው ከመቶ 15 እጅ ያልፋል፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ለብዙ ጊዜ የሚቀመጥ እህል ውሃው ከመቶ 13 እጅ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ስለዚህ ጨው ባይለጠፍም አንድ ቀን ፀሐይ መጨመር አይከፋም።

ወደ መኪናው እንመለስ። ቦዩ ተቆፍሮ፣ አሸንዳው ተሠርቶ፣ ድንኳኑ ደርቆ እየገባ፣ ይህም ሁሉ ሆኖ ክፍሉ በሐምሌ ካላበው ያኔ መኪና ቦታ ይኖረዋል። ያኔም ቢሆን ከአሜሪካ የሚመጣው አይመረጥም። የእነሱ መብራት 120 ቮልት በ60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት በ50 ኸርዝ። ቀጥታ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል፤ በትራንስፎርመር ቢሠራ እንኳ ሞተሩ ላልተሠራበት ኸርዝ ይደክማል። ደግሞም እነዚህ መኪናዎች የሚወዱት ሙቀት ነው። በወበቅ አገር በቀን ከ10 እስከ 20 ሊትር የሚያወጣው መኪና በቀዝቃዛ ክፍል የዚያን ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያወጣ፤ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ተራው ዓይነት ቧንቧው ላይ በረዶ እየሠራ ይቆማል። የእኛ የነሐሴ ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

የመብራቱም ሒሳብ አለ። 400 ዋት የሚፈጅ መኪና በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በሁለቱ የክረምት ወራት 240 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አነስተኛ መዋጮ ለሚከፍል አባል ይህ ቀላል አይደለም። መብራቱ ራሱስ ይገኛል ወይ? ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ለረጅም ጊዜ በጨለማ እንደቆየን ማንም አልረሳውም፤ ቦይ ግን መብራት ጠፋ ብሎ ሥራውን አያቆምም። መኪናው በሚሠራበት ጊዜ በሩና መስኮቱ መዘጋት አለበት፤ አለበለዚያ የሰቆጣን አየር በሙሉ ላድርቅ እንደማለት ነው። ማጣሪያው መታጠብ፣ ባልዲው መደፋት አለበት፤ ከጨርቅና ከሸራ ክምር ሥርም አይቀመጥም። ይህን ሁሉ የሚከታተል ሰው ከሌለ መኪናው ራሱ ዝጎ ከቋሚዎቹ ጋር ይቆጠራል።

እንግዲህ ኮሚቴው ለዋሽንግተኑ ልጃችን እንዲህ ብለን እንመልስለት ይላል። ልባዊ ምስጋናችን ይድረሰው፤ መኪናውን ለዚህ ዓመት ይተወው፤ በምትኩ የአየር እርጥበት መለኪያ ሁለት ይላክልን። በኪስ የምትያዝ፣ ዋጋዋም አነስተኛ የሆነች መሣሪያ ናት፤ የክፍሉ እርጥበት ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ ታሳያለች። ከ60 በታች ከሆነ ሸራችን በሰላም ይተኛል፤ ከ70 አልፎ ከሰነበተ ሻጋታ ይነሣል። አንዷ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ትሰቀላለች፤ ሌላዪቱ በየሳምንቱ በአባሎች ቤት ትዞራለች፤ ቁጥሩም በመዝገብ ይጻፋል።

የቦዩ ቁፋሮ በግንቦት ሁለት እሑድ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንዲሆን ቀን ቆርጠናል። ዶማና አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ድንጋይ ያቀብላል፤ እናቶች ቡናውን እንዳይረሱብን። የአሸንዳው ቆርቆሮ ዋጋ ከዕቃ ማደሻው ሒሳብ እንዲከፈል ጉባኤው ይፍቀድልን። ድንኳኑን ለልብስ ሰፊ ሰጥተነዋል፤ የተበላው ጎን ተቆርጦ በአዲስ ሸራ ይቀጠላል፤ ከሰኔ በፊት እናስረክባለን ብለውናል። ፌስታሉን ሐምሌ 1 ቀን በጀርባው ግድግዳ ላይ እንደገና እንለጥፈዋለን፤ በማግሥቱ ሲነሣ ማየት የሚፈልግ አባል ሁሉ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት መጥቶ ማየት ይችላል።